ሊጣል የነበረ ወረቀት፦ የአየርላንድ በራሪ ጽሑፎች ምን ይነግሩናል?

በራሪ ወረቀት አንብበን የምንጥለው ነገር ነው። በአየርላንድ ግን የታሪክ ምስክር ሆኗል። ሁለቱን እንይ።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1916 ደብሊን ውስጥ፣ ሊበርቲ ሆል በተባለው የሠራተኞች ማኅበር ሕንፃ በድብቅ የታተመው የነጻነት አዋጅ ነው። የማተሚያ ፊደል ስላልበቃ ባለአንድ ገጹን ጽሑፍ ለሁለት ከፍለው ነው ያተሙት። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ፊደሎቹም እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ሴቶች ፓርላማ መምረጥ በማይችሉበት በዚያ ዘመን፣ አዋጁ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ወንዶችንም ሴቶችንም ይጠራል። ግርጌው ላይ የሰባት ሰዎች ስም አለ። እንግሊዞች ሰባቱንም በሦስት ሳምንት ውስጥ ረሸኗቸው።

ሁለተኛው የሰሜን አየርላንድ ነው። በ1968 የሲቪል መብት ንቅናቄው በአካባቢ ምርጫ ለሁሉም እኩል ድምፅ፣ በቤት አሰጣጥም ፍትሕ ይጠይቅ ነበር። ያኔ የቤልፋስቱ ሊነን ሆል ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ጂሚ ቪቲ መጠጥ ቤት ውስጥ የንቅናቄውን አንድ ወረቀት ተቀበሉ። አልጣሉትም፤ አስቀመጡት። ስብስቡ በዚያ ተጀመረ፤ ዛሬ ከ250,000 በላይ ሰነዶች አሉት።

ትልቁ ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ከ3,500 በላይ ሰው ባለቀበት ግጭት መሃል ቤተ መጻሕፍቱ የሰበሰበው የሁሉንም ወገን ወረቀት ነው።

እርግጥ በራሪ ወረቀት ሙሉውን እውነት አይነግረንም፤ የሚናገረው ለበተነው ወገን ነው። ሰው ያን ቀን ምን እንደፈለገና ምን እንደፈራ ግን ሳይከልስ ያሳየናል።

እናንተስ ያልጣላችሁት የቆየ በራሪ ወረቀት አላችሁ?