ከመለማመጃዋ ቀጥሎ የምትመጣው አይሮፕላን

በራዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ አይሮፕላን ማብረር የጀመረ ሰው ሁሉ፥ መለማመጃዋን ሳይሰብር ማሳረፍ በቻለ በማግሥቱ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ይኸውም «ሁለተኛዋ የትኛዋ ትሁን?» የሚል ነው። የተማሪ ቤታችን የአይሮፕላን ማኅበር አባሎች የሆንን እኛም በዚሁ ጥያቄ ሦስት ወር ሙሉ ስንከራከር ከርመናል። ክርክሩ የጨዋታ ብቻ አልነበረም። በሁለት ዓመት ውስጥ በስፖርት በዓል ሻይና ብስኩት እየሸጥን ያጠራቀምነው ገንዘብ ለአንዲት አይሮፕላን ብቻ የሚበቃ ነው፤ እርስዋም በተማሪ ቤታችን የሃምሳኛ ዓመት በዓል ዕለት በወላጆቻችን ፊት እንድትበር ቃል ገብተናል። ብትሰበር ሌላ የለንም። የፊዚክስ መምህራችንም ክርክራችን ወደ ጠብ ሊደርስ ሲል «ከመግዛታችሁ በፊት ታሪኩን አንብቡ» ብለው ስላዘዙን አነበብን። ያገኘነውን እነሆ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በአይሮፕላን ሳይሆን በጀልባ ነው። በ1898 ኒኮላ ቴስላ በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው አዳራሽ፥ ሽቦ ሳይታሰርባት በራዲዮ ሞገድ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳየ። በ1930ዎቹ ደግሞ እንግሊዞች «ኩዊን ቢ» የተባለችውን አብራሪ የሌላት አይሮፕላን ሠርተው ለመድፈኞቻቸው የተኩስ ዒላማ አደረጓት፤ እርስዋም «ታይገር ሞዝ» ለምትባለው ለታወቀችው የአብራሪዎች ማስተማሪያ የቅርብ ዘመድ ነበረች። ይህ ግን የመንግሥትና የጦር ሠራዊት ሥራ ስለ ሆነ፥ በገዛ እጃቸው ሠርተው ወዳበረሩት ወጣቶች እንለፍ።

በ1937 በአሜሪካ አገር በሚሺጋን፥ ካላማዙ በምትባል ከተማ፥ ዋልተር ጉድና ዊልያም ጉድ የሚባሉ መንትያ ወንድማማቾች «ጋፍ» ብለው የሰየሟትን አይሮፕላን በራዲዮ አበረሩ። ዋልተር የአይሮፕላኑን፥ ዊልያም የራዲዮውን ሥራ ተካፍለው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1938 በአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር በራዲዮ ክፍል አሸነፉ። ጋፍ ከአንዱ ክንፏ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ 2.4 ሜትር ያህል ትሆናለች፤ በ1960ም ለስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ተሰጠች።

ሥዕሏን ስናይ መጀመሪያ ያስደነቀን፥ ጋፍ የኛን መለማመጃ መምሰሏ ነው። ክንፏ ከገላዋ በላይ ተቀምጧል፤ ጫፎቹም ቀና ብለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያን ጊዜ ራዲዮው በቫልቭ የሚሠራ፥ ባትሪው ከባድ፥ ብልሽቱም ብዙ ስለ ነበረ፥ ማንም አስተዋይ ሰው የአይሮፕላኑን ነፍስ ለራዲዮ ብቻ አደራ አይሰጥም ነበር። አይሮፕላኗ በራስዋ ሚዛን መብረር ነበረባት፤ ራዲዮው ይመክራታል እንጂ አያበራትም። ክንፎቹ ቀና ያሉ እንደ ሆነ፥ አይሮፕላኗ ወደ አንድ ጎን ብታዘነብል ወደዚያው መንሸራተት ትጀምራለች፤ በዚህም ጊዜ ዝቅ ያለው ክንፍ ከአየሩ የበለጠ ድጋፍ ስለሚያገኝ ተመልሳ ትቃናለች። ይህ ጠባይ እስከ ዛሬ ድረስ የማናቸውም ጥሩ መለማመጃ ጠባይ ነው። ጀማሪው ሲደነግጥ ጣቱን ከዘንጉ ላይ ቢያነሣ ይበቃዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዋልተር ጉድ «ረደር በግ» የተባለች የሌላ አይሮፕላን ንድፍ አወጣ። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ አይሮፕላኖች የሚታዘዙት በጅራት መሪያቸው ብቻ ሲሆን፥ አሠራሩ ዛሬ ሲሰሙት ያስቃል። በአይሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የተጠመዘዘ የላስቲክ ገመድ አለ። መሬት ላይ የቆመው ሰው ቁልፉን ሲጫን ትንሽ መግነጢስ የላስቲኩን መያዣ ትለቃለች፤ መሪውም እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ቁልፉን ሲለቅ መሪው ወደ መካከል ይመለሳል፤ እንደገና ሲጫን ወደ ግራ ይሄዳል። እንግዲህ ቀኝ የፈለገ ሰው ያለፈው ትእዛዙ ግራ ይሁን ቀኝ መቁጠር አለበት፤ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ከዛፍ ሸሻለሁ ሲል ወደ ዛፉ ይገባል። በዚህ አንድ ቁልፍ ብቻ አይሮፕላን በአየር ላይ እስከ መገልበጥ የደረሱ ብልሆች ነበሩ፤ የምናደንቃቸውም ስለዚህ ነው።

ትራንዚስተር በ1947 ከተፈለሰፈ በኋላ በ1950ዎቹ ወደነዚህ ትንንሽ አይሮፕላኖች ገባና ክብደታቸውን ቀነሰ። ሸምበቆ የሚሏቸው ቀጫጭን የብረት ምላሶችም ሥራ ላይ ዋሉ፤ እያንዳንዱ ምላስ እንደ ክራር አውታር ለየራሱ ድምፅ ብቻ እየተንቀጠቀጠ አንዱን መሪ ያንቀሳቅስ ነበር። ነገር ግን ትእዛዙ ወይ ሙሉ ነው፥ ወይ ምንም ነው። በ1960 በስዊስ አገር በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው ኤድ ካዝሚርስኪ የተባለ አሜሪካዊ ነበር። «ኦራየን» የተባለችው አይሮፕላኑ ክንፏ ከገላዋ በታች ነው፤ እንደ ጋፍ በራስዋ ለመቃናት ሳይሆን የተባለችውን ለመፈጸም የተሠራች ነበረች።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመቶች ነው። አዲሶቹ ራዲዮዎች ጣት የሄደችውን ያህል መሪው እንዲሄድ አደረጉ፤ ትንሽ ለገፋ ትንሽ፥ ብዙ ለገፋ ብዙ። ከነዚህ ራዲዮዎች ሠሪዎች አንዱ የካሊፎርንያው ፊል ክራፍት ሲሆን፥ በ1967 በኮርሲካ ደሴት በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና «ክዊክ ፍላይ» በተባለች ራሱ በነደፋት አይሮፕላን አንደኛ ወጣ። ከጋፍ እስከዚህ ልክ ሠላሳ ዓመት ነው። በነዚህ ሠላሳ ዓመቶች ውስጥ አይሮፕላኖቹ ከራሳቸው ፈቃድ ቀስ በቀስ ወጥተው ሙሉ ለሙሉ ወደ አብራሪው ፈቃድ ገቡ። ሰዎቹም ይህን መንገድ ደረጃ በደረጃ፥ ብዙ እንጨት እየሰበሩ ነው የተጓዙት።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን አንድ ጊዜ መለስ ብንል ከጉዳያችን አንወጣም። ትልቆቹ አብራሪዎችም ይህን ጥያቄ ያውቁታል። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ አየር ኃይል በስዊድናዊው በካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን መሪነት ሲቋቋም፥ ተማሪዎቹ ቢሾፍቱ ላይ የሚማሩት «ሳፊር» በተባለች የስዊድን ማስተማሪያ ነበር። ፎን ሮዘን በ1947 አንዲቱን ሳፊር ከስቶክሆልም እስከ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ሳያርፍ አምጥቷታል። ከሳፊር ቀጥሎ የነበረው የጦር አይሮፕላን «ሳብ 17» ሲሆን፥ ጭነቱን ይዞ ሲነሣ ከሳፊር ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። የአንድ ጓደኛችን አያት ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል መካኒክ ናቸው፤ እኛም እንደ ቤቱ ልጆች «አባባ» እንላቸዋለን። ጥያቄያችንን ስንነግራቸው ስለ መልክም ስለ ፍጥነትም አልጠየቁንም። «ስታርፍ ስንት ትሮጣለች?» ብቻ አሉን። መልስ አልነበረንም።

መልሱን ያገኘነው በኪሳራ ነው። መለማመጃችን የአንዲት አባላችን አክስት ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጡልን የፎም አይሮፕላን ናት። እርስዋን በደንብ ከለመድን በኋላ አንዱ ጓደኛችን ወንድሙ ከዱባይ የላከለትን «ሙስታንግ» ይዞ መጣ። ሙስታንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀው የአሜሪካ ተዋጊ ነው፤ ብርማ ቀለም፥ የሾለ አፍንጫ፥ እያደር የሚጠብ ክንፍ። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ወደድናት፤ በማኅበሩ ገንዘብም ሁለተኛ እንድትገዛ ከአሥራ አራታችን አሥራ አንዳችን እጃችንን አውጥተን ነበር።

መምህራችን ፈቃድ ባወጡልን ሜዳ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስነሣናት። ገና ስትንደረደር የሞተሩ ጉልበት ወደ ግራ ጎተታት፤ እንደ ምንም ተነሣች። አንድ ጊዜ ሜዳውን ዞረች። ልናሳርፋት ስንል በጣም እንደ ፈጠነች ስላየን ሞተሩን ቀነስንና በዝግታ ወደ ሜዳው መለስናት። በመታጠፊያው ላይ የውስጠኛው ክንፏ ድንገት ወደቀ፤ እርስዋም ጀርባዋን ሰጥታ በአፍንጫዋ መሬት ገባች። ከተነሣች አንድ ደቂቃ አልሞላም። ጓደኛችን ምንም አልተናገረም፤ ስብርባሪውን በሹራቡ ሰብስቦ ወደ ቤቱ ሄደ። እኛም በዚያ ሳምንት ስለ ምርጫው ለመነጋገር አፍ አልነበረንም።

ኋላ በሚዛንና በማስመሪያ ተቀምጠን ስንመረምረው ምስጢሩ ተገለጠ። መለማመጃችን በእያንዳንዱ ካሬ ዴሲሜትር ክንፍ ላይ የምትሸከመው 34 ግራም ነው፤ ሙስታንግ ግን 59 ግራም ተሸክማ ነበር። አየሩ ክንፉን መደገፍ የሚያቆምበት ፍጥነት፥ አብራሪዎች «ስቶል» የሚሉት፥ ከዚህ ሸክም ካሬ ሥር ጋር አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ሙስታንግ ከመለማመጃችን ሲሶ ያህል ፈጥና ካልበረረች ትወድቃለች ማለት ነው። እኛ ግን ጣታችን የለመደው የመለማመጃዋን ዝግታ ነበር። በዚህም ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ስለሚሳሳ፥ ማናቸውም አይሮፕላን በእውነቱ 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ ማረፍ አለበት። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ምክር በዝቅተኛ አገር ላለ ሰው የተጻፈ ይመስለናል። የክንፉ ቅርጽም ጥፋት አለበት። ወጥ ስፋት ያለው ክንፍ ስቶል የሚጀምረው ከሥሩ ነው፤ ጫፉ ገና አየሩን ስለያዘ አይሮፕላኗ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ታስጠነቅቃለች። እያደር የሚጠበው ክንፍ ግን ከጫፉ በኩል ሊጀምር ይችላል፤ ጫፉ ሲሞት ደግሞ አይሮፕላኗ ያለ ማስጠንቀቂያ ትገለበጣለች።

ዛሬ በአይሮፕላኑ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ መሣሪያ የተገጠመላቸው ተዋጊዎች ይሸጣሉ፤ አንዳንድ ጓደኞቻችንም «በዚያኛው ይሁን» ብለው ተከራክረዋል። መሣሪያው ክንፉን ያቃናል፤ ነገር ግን ግራሙን አይቀንስም፥ አየሩንም አያወፍርም። በኛ አስተያየት ይህ ሌላ መለማመጃ በተዋጊ ቆዳ ተጠቅልሎ መግዛት ነው።

እንግዲህ ከጋፍ እስከ ክራፍት ያለውን ሠላሳ ዓመት በአንድ ከሰዓት በኋላ ለመዝለል ሞክረን ነበር ማለት ነው። በመካከሉ የምትቆመውን አይሮፕላን ስንፈልግ ያገኘናት ከራሱ ከፊል ክራፍት እጅ ነው። ይህ የዓለም ሻምፒዮን በ1960ዎቹ አጋማሽ ከውድድር ውጭ ለመዝናናት አንዲት አይሮፕላን ነደፈ፤ ስሟንም «አግሊ ስቲክ» አላት፥ «አስቀያሚዋ ዱላ» እንደ ማለት ነው። ስሟ አይዋሽም። ገላዋ ሣጥን ነው፤ ክንፏ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ስፋት ያለው ሳንቃ ነው፤ ብዙ ሰዎችም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደ ነበሩት የጀርመን አይሮፕላኖች ጥቁር መስቀል ይሥሉባታል። ክንፎቿ ቀና አላሉም፤ ስለዚህ ስታዘነብል በራስዋ አትቃናም፥ አብራሪው ያስቀመጣት ቦታ ላይ ትቆያለች። ክንፏ ከላይም ከታችም የጎበጠ ስለ ሆነ ተገልብጣም ትበራለች። ሰፊ ክንፏ ግን ሸክሙን ያቀልላታል፤ ቅርጹም ስቶልን ከሥሩ እንዲጀምር ያደርጋል። ከመለማመጃዋ የምትለየው በመታዘዝ እንጂ በመቸኮል አይደለም። ከወጣች ስድሳ ዓመት ያህል ሆኗት እስከ ዛሬ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ በየሜዳው የሚበሩት ስለዚህ ይመስለናል።

ድምፅ ሲሰጥ ከአሥራ አራታችን ዘጠኛችን ለዱላዋ፥ አምስታችን ለሙስታንግ ሰጠን። የሙስታንጉ ባለቤት ለዱላዋ ከሰጡት አንዱ ነበር። ሞተሩን፥ ባትሪውንና የመሪ ማንቀሳቀሻዎቹን ለመግዛት የገንዘባችን እኩሌታ በቃ፤ ገላዋንና ክንፏን ከፎም ሰሌዳና ከቀርከሃ ራሳችን እየሠራን ነው። ክንፏ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር፥ ስፋቱ 27 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቷ 1,500 ግራም ካላለፈ በካሬ ዴሲሜትር 40 ግራም ያህል ትሸከማለች። አባባ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ቤተ ሙከራው እየመጡ ኮላው የደረቀበትን ቦታ በጥፍራቸው እየቆረቆሩ ያዳምጣሉ፤ ባለፈው ጊዜ የግራውን ክንፍ አስፈርሰውናል።

ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ሲሰጥ የግራው ክንፍ እንደገና ተጣብቆ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ይገኛል። ኮላው ከደረቀ በሚመጣው ቅዳሜ ንፋሱ ሳይነሣ በጧት እናበራታለን።