ሽቦ ላይ የተቀዳው ዛር

በአካባቢ ድምፅ ሙዚቃ ስለመሥራት ሲነሳ፣ ቀድሞ የሚጠራው በ1948 እ.ኤ.አ. የባቡር ድምፅ ቀድቶ ሙዚቃ ያደረገው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ነው። ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብ ግን 4 ዓመት ይቀድመዋል እኮ! በ1944 ካይሮ ላይ፣ ድምፅን በቀጭን ሽቦ የሚይዝ መቅጃ ከሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀዳ። ስቱዲዮ ገብቶም ድምፃቸውን እያጣራ፣ የገደል ማሚቶ እየጨመረ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ዜማ አወጣለት። (ዛር ደግሞ ለእኛ ባዳ አይደለም።)

ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲያችን አስተምሯል፤ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቶ ክራርን፣ መሲንቆንና ዋሽንትን አቀናጅቷል። የሽቦው ታሪክም ከኦርኬስትራው እኩል ሊነገርለት ይገባል ባይ ነኝ። ያኔ ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ ትዝታችሁን በስልካችሁም ቢሆን ቀድታችሁ ለማኅበሩ ላኩልን።