ምክርና ምሽግ፤ የኦጋዴን ግንባር በ1928 ዓ.ም.

የኢጣልያ ወረራ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. በተጀመረ ጊዜ የኦጋዴንን ግንባር የመሩት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ለታላቅ ጦር አዛዥነት አዲስ ሰው ነበሩ። ከዚያ ቀደም በአሥመራ የኢትዮጵያ ቆንስል፣ በኋላም የአዲስ አበባ ከንቲባ ሆነው ሠርተዋል። ጽሕፈት ቤትን፣ ደንብንና የከተማ ሥራን አጥብቀው የሚያውቁ፣ ከአዲሱ ትውልድ መኳንንት የሚቆጠሩ ሰው ናቸው። ዘመናዊውን የጦር ስልት በተመለከተ ከአጠገባቸው ሆነው የሚያማክሯቸው ግን ወሂብ ፓሻ የተባሉ የቱርክ ጄኔራል ነበሩ።

ወሂብ ፓሻ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋ ሲሆን፣ ያላዩት የጦርነት ዓይነት ጥቂት ነው። በባልካን ጦርነት ከወንድማቸው ከኤሳት ፓሻ ጋር የያኒናን ከተማ ተከላክለዋል። በ1915 እ.ኤ.አ. በጋሊፖሊ ጦር መርተዋል። ከ1916 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካውካሰስ ግንባር የኦቶማን 3ኛ ጦር አዛዥ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከአዲሱ የቱርክ መንግሥት ጋር ስላልተስማሙ በስደት ኖሩ። ወደ ኦጋዴን ሲመጡ ይዘውት የመጡት ሀብት በጉድባ ውስጥ ሆኖ ከሚበልጥ ጠላት ጋር መፋለምን መማራቸው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሀብት የሚያቃልል ካለ የጋሊፖሊን ታሪክ ያላነበበ ሰው መሆን አለበት።

የእርሳቸው ምክር ፍሬ ከመስጠቱ በፊት ግን በዚያው ግንባር አንድ ኢትዮጵያዊ መኮንን ተመሳሳዩን ትምህርት በራሱ መንገድ ለሰዎቹ ሲያስተምር ነበር። ይህም በፋፈን ሸለቆ የቆራሄን ምሽግ የያዘው ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ነው። ቆራሄ ቀድሞ ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ያሠሩት የድንጋይ ግንብ ያለበት ሥፍራ ሲሆን፣ አፈወርቅ የነበረችውን አንዲት የኦርሊኮን ፀረ አውሮፕላን መድፍ በዚያ ተከላት። ወታደሮቹንም መሬት አስቆፈራቸው።

ይህ ነገር ዛሬ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በዚያን ዘመን ግን ጀግና ማለት ፊት ለፊት ወጥቶ የሚፎክርና የሚተኩስ ነበር። ጉድጓድ መግባት እንደ ፍርሃት ይቆጠራል፤ አካፋና ዶማ የወታደር መሣሪያ ነው ብሎ የሚያምን አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በጥቅምት ወር 1928 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ለሚዘምተው ጦር ምክር ሲሰጡ ነጭ ሸማውን እንዲተው፣ ተሰብስቦ እንዳይሰፍር፣ ተደብቆና ተበታትኖ በድንገት እንዲመታ አሳስበው ነበር። ምክሩ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ከዐድዋ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን የአዘማመት ልማድ አንድ ቀን የተነገረ ቃል አይለውጠውም። የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ራሳቸው የዐድዋ ዘማች ነበሩ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አምባ አራዶም ላይ የሆነውን ሁሉ ያውቀዋል። የቆራሄ ልዩነት አፈወርቅ ምክሩን ተናግሮ አለማለፉ ነው፤ በየዕለቱ እያዞረ ያሠራቸው ነበር። የጣልያን አውሮፕላኖች ተመላልሰው ሲደበድቡ ጦሩ ሳይበተን የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

በጥቅምት ወር መጨረሻ በአንድ የአውሮፕላን ድብደባ አፈወርቅ ክፉኛ ቆሰለ። ለሕክምና ወደ ኋላ እንዲሄድ ቢለመን እምቢ አለ፤ እርሱ ከሄደ ጦሩ እንደማይቆም ያውቅ ነበርና። ቁስሉ መርዞ ሞተ። ያለውም አልቀረም፤ ወታደሮቹ ቆራሄን ለቀው ወጡ፣ ጣልያኖችም ጥቅምት 27 ቀን ባዶውን ምሽግ ያዙት። ንጉሠ ነገሥቱ ከሞተ በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጡት።

ስለ አፈወርቅ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ጀግንነቱን አወድሰው ያልፋሉ። ውዳሴው ይገባዋል። ነገር ግን ከውዳሴው ሥር አንድ የማይመች ጥያቄ አለ፤ ያን ያህል የሠለጠነ ጦር በአንድ ሰው ሞት ለምን ባዶ ሆነ? ከአፈወርቅ ቀጥሎ የሚያዝ ሰው፣ ሥልጣኑ በጦሩ ዘንድ የታወቀ ምክትል አልነበረም፤ ወይም ቢኖር ጦሩ አልተቀበለውም። ቁፋሮውን ለወታደሩ አስተምሮታል፤ አዛዥነቱን ግን ለሌላ ለማስተላለፍ ጊዜም ሥርዓትም አልነበረውም። በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ የቆመ ጣሪያ ምን እንደሚሆን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም። ጥፋቱ የአፈወርቅ ሳይሆን፣ ጌታውን እንጂ ደረጃውን የማያውቀው የአሮጌው የጦር አደረጃጀት ነው። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች መሪነት ከተከፈተ በዚያን ጊዜ ገና አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ በየደረጃው የሚተካ መኮንን ማፍራት የተጀመረው ጦርነቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው።

በኅዳር መጀመሪያ ላይ የሚያሳድደው የጣልያን ሞተራይዝድ ጦር ሐማንሌይ ላይ ከኢትዮጵያውያን ጋር ገጥሞ ታንኮች ከተማረኩበት በኋላ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ግንባሩም ለብዙ ወራት ጸጥ አለ። ወሂብ ፓሻ የሠሩት በዚህ ጸጥታ ነው። ዕቅዳቸው ጠላትን ከመነሻው አርቆ ወደ በረሃው ውስጥ መሳብና እዚያ መምታት ሲሆን፣ ለዚህም ከደጋሐቡር በስተደቡብ በሳሳባኔ አካባቢ የመከላከያ መስመር አስቆፈሩ። ጋዜጠኞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት በነበረው የጀርመን ምሽግ ስም «የሂንደንቡርግ ግንብ» ብለው ጠሩት። ስሙ ከግንቡ ይበልጥ ነበር፤ ጉድባ፣ ዋሻና የተሸሸገ የመትረየስ ቦታ እንጂ የብረትና የሲሚንቶ ሥራ አልነበረም። ቢሆንም ለሥፍራው የሚስማማ ሥራ ነው፤ ቁጥቋጦውና የደረቀው ወንዝ ዳርቻ ራሱ ግማሽ ምሽግ ነውና።

ችግሩ ያለው በሌላ ቦታ ነው። ጋሊፖሊ በባሕር የታጠረ ጠባብ የብስ ነው፤ ያኒናም ተራራ ይጋርዳታል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ አጥቂው የምሽጉን ፊት ከመምታት በቀር ምርጫው ጥቂት ነው። የኦጋዴን ሜዳ ግን ግራና ቀኙ ክፍት ነው። በዚያ ምድር ለጦር ሠራዊት ክንፍ የሚሆነው ተራራ ሳይሆን ውሃ ነው፤ በእግሩና በግመል የሚሄድ ጦር ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ካልተጓዘ በስተቀር ሊያልፍ አይችልም። በዚህ ስሌት የውሃውንና የሸለቆውን መንገድ የያዘ ሁሉን እንደ ያዘ ይቆጠራል።

ጄኔራል ግራዚያኒ የሰበሩት ይህንኑ ስሌት ነበር። በጸጥታው ወራት ከሶማሊያ ወደብ ጀምሮ መንገድ አሠሩ፤ ከአሜሪካ ሳይቀር የጭነት መኪና አስመጡ። ውሃን በመኪና ለሚጭን ጦር ጉድጓዱ አያስገድደውም፤ የበረሃው ስፋትም መከላከያ መሆኑ ቀርቶ ለአጥቂው መዞሪያ ይሆናል። የወሂብ ፓሻ ምክር ለሚያውቁት ጦርነት ፍጹም ትክክል ሲሆን፣ ከፊታቸው የመጣው ግን በከፊል ሌላ ጦርነት ነበር። እርሳቸው ይህን አላስተዋሉም ብሎ መፍረድ ግን ድፍረት ነው፤ ቢያስተውሉስ በየትኛው መኪና፣ በየትኛው አውሮፕላን ይመልሱት ነበር?

ጥቃቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1928 ዓ.ም. በሦስት አቅጣጫ ተጀመረ፤ በምዕራብ ጄኔራል ናዚ፣ በመሐል ጄኔራል ፍሩሺ፣ በምሥራቅ ጄኔራል አጎስቲኒ። ዝናብ ጥሎ መኪናዎቹ ጭቃ ውስጥ ተያዙ፤ ይህም ለተከላካዩ ጥቂት ቀን ሰጠው። ጃናጎቦ ላይ በዋሻ የመሸጉት ኢትዮጵያውያን ከናዚ የሊቢያ ክፍለ ጦር ጋር ቀናት የፈጀ ብርቱ ውጊያ አደረጉ፤ ከየዋሻው ማስወጣት ጣልያኖችን ብዙ ደም አስከፈላቸው። ቁፋሮን የናቀው የአሮጌው ዘመን ተዋጊ ልጅ በስድስት ወር ውስጥ ዋሻን ይዞ መዋጋትን ተምሯል። ምክሩ ገብቶት ነበር። ሚያዝያ 16 ቀን ግን ጉኑ ጋዶ ላይ መሐሉ ተመታ፤ የግራና የቀኝ ዓምዶችም በሜዳው ወደ ደጋሐቡር ገፉ። ምሽጉ በጎኑ ታለፈ። ደጋሐቡር ሚያዝያ 22 ቀን፣ ሐረር ሚያዝያ 30 ቀን ተያዙ። አዲስ አበባ በበኩሏ ሚያዝያ 27 ቀን በጠላት እጅ ገብታ ነበር፤ ስለዚህ የኦጋዴን ጦር ቢቆም እንኳ የሚቆምለት ማዕከል አልነበረውም።

ደጃዝማች ነሲቡ በጅቡቲ በኩል ከአገር ወጡ። በጥቅምት ወር 1929 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ በዳቮስ ከተማ ታመው ሞቱ። ወሂብ ፓሻም በመጨረሻ ወደ ቱርክ ተመልሰው በ1940 እ.ኤ.አ. ኢስታንቡል ውስጥ አረፉ፤ ከያኒና እስከ ሳሳባኔ ከመከሯቸው ጦሮች ሁሉ የመጨረሻው የኢትዮጵያ ጦር ነበር።