መስቀለኛ መንገድ ላይ ከፋዩ ማነው?

ዛሬ አጭር ታሪክ አለችኝ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን መኪና ሲያስገቡ «ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ» የሚል ጭቅጭቅ አልነበረም። የምትጋጫት ሌላ መኪና የለችማ!

መኪና ሲበዛ ግን ሕግ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ቁጥር 2084 እንዲህ ይላል፦ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገመታል፤ የጉዳቱ ድምር ለሁለቱ ባለቤቶች እኩል ይካፈላል። ይህ የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ነው።

ቁም ነገሩ «ከተረጋገጠ» የምትለዋ ቃል ናት። መስቀለኛ ላይ ሁሉም «አረንጓዴ በርቶልኝ ነው» ይላል፤ ጩኸት ግን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ ከሌለህ ሳታጠፋም ግማሹ አንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ዕዳው ለባለቤቱም ይተርፋል።

ስለዚህ ታክሲና ባጃጅ የምትነዱ ተማሪዎቼ፣ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የተጎዳውን እርዱ። ከዚያ ፎቶ አንሱ፣ የምስክር ስልክ ያዙ፣ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን እስኪያነሳ ጠብቁ። ጭቅጭቁ ይቆያል።

በሰላም ግቡ!