አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ለምን እኩል አይታከሙም? (የኦባማኬር የፍርድ ቤት ታሪክ)

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻይ ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ኦባማኬር የሚባል ነገር ካለ፣ እኅቴ እንዴት የሆስፒታል ቢል መጣብኝ ብላ ብር አልልክም ትለኛለች?» ከጥያቄው ጀርባ ቅሬታ አለ። ሰበብ ነው፣ ረሳችን፣ አሜሪካ ገብታ ጨከነች የሚል። በካምፕም በከተማም በዚህ የተነሳ የተኳረፉ ቤተሰቦችን አውቃለሁ። እኔ የማንንም ቦርሳ ከፍቼ አላየሁም። ግን አንድ ነገር እነግራችኋለሁ፤ የእኅታችሁ ሕክምና የሚወሰነው በገቢዋ ብቻ ሳይሆን በምትኖርበት ስቴት ነው። ይህ እንዲሆን በር የከፈተው ደግሞ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። አሜሪካ ውስጥ የጤና መድን ከሥራ ጋር የተጣበቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በ1942 መንግሥት የዋጋ ንረት እንዳይመጣ ደመወዝ እንዳይጨመር አገደ። ሠራተኛ ያጠራቸው ድርጅቶች ደመወዝ መጨመር ሲከለከሉ «መድን እንገዛልሃለን» ማለት ጀመሩ። መንግሥትም ይህን እንደ ደመወዝ አልቆጠረውም፤ በኋላም በ1954 የግብር ሕግ ከግብር ነፃ መሆኑ ጸና። ሥራ ያለው መድን አለው፣ ሥራ የለቀቀ መድኑንም ለቀቀ፤ ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ለአረጋውያን ሜዲኬርን፣ ለድሆች ሜዲኬይድን በሕግ አቋቋሙ። ሜዲኬይድን ፌዴራል መንግሥቱና ስቴቶቹ እያዋጡ ይከፍሉታል፤ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ፍርድ ቤቱም ከመድን ጋር የቆየ ታሪክ አለው። በ1869 ከቨርጂኒያ በመጣ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «የመድን ውል ንግድ አይደለም» አለ። በ1944 ደግሞ በ4 ለ3 ድምፅ «የለም፣ ንግድ ነው» አለ። ለምን ይህን ያህል ተከራከሩበት? ሕገ መንግሥቱ ኮንግረሱ በስቴቶች መካከል የሚካሄድ ንግድን እንዲቆጣጠር ሥልጣን ስለሚሰጥ ነው። ንግድ ከሆነ ዋሽንግተን እጇን ታስገባለች፣ ካልሆነ ጉዳዩ የየስቴቱ ነው። በ1945 ኮንግረሱ ራሱ ቁጥጥሩን ለስቴቶች መልሶ ሰጠ። የመድን ሕግ ከስቴት ስቴት የሚለያየው ሥሩ እዚህ ድረስ ይሄዳል።

ማርች 23 ቀን 2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ ሕጉን ፈረሙ። ከሪፐብሊካን አንድም ሰው አልደገፈውም። በዚያው ዕለት ፍሎሪዳና ሌሎች ስቴቶች ክስ መሠረቱ፤ በመጨረሻ ከሳሾቹ 26 ስቴት ደረሱ። ሕጉ ብዙ ነገር ነበረው፣ ለእኛ ግን ሦስቱ ይበቁናል። አንደኛ፣ የግል መድን ኩባንያዎች «ቀድሞ ስኳር ነበረብህ፣ ደም ግፊት ነበረብህ» ብለው ሰው መመለስ ተከለከሉ። ጤነኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲታመም ብቻ እንዳይገዛም፣ መድን ያልገዛ ቅጣት ይክፈል ተባለ። ሁለተኛ፣ ገቢው መካከለኛና ከዚያ በታች ለሆነ ሰው ከግል ኩባንያ መድን ሲገዛ መንግሥት ድጎማ ያደርግለታል። ሦስተኛ፣ ከዚያ በታች ላለው ድሃ ሜዲኬይድ ይስፋፋል። በፊት ልጅ የሌለው ጎልማሳ የቱንም ያህል ቢደኸይ በአብዛኛው ስቴት ሜዲኬይድ አያገኝም ነበር።

ከሳሾቹ የያዙት ጥያቄ የዋዛ አልነበረም። መንግሥት ንግድን ይቆጣጠራል እሺ፤ ግን ምንም ያልገዛን ሰው «ግዛ» ብሎ ማስገደድ ይችላል? ከዳኞቹ አንዱ፣ አንቶኒን ስካሊያ፣ ታዲያ መንግሥት ብሮኮሊ ግዙ ብሎም ሊያስገድደን ነው ወይ ብለው ጠየቁ። (ብሮኮሊ አረንጓዴ የአበባ ጎመን ዓይነት ነው። ተማሪዎቼ እስካሁን ይስቁበታል።)

ጁን 28 ቀን 2012 ውሳኔው ተነበበ። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በሪፐብሊካኑ ቡሽ የተሾሙ ናቸው። ማንበብ ሲጀምሩ በንግድ ሥልጣን ማስገደድ አይቻልም አሉ። ሲኤንኤንና ፎክስ ይህችን ብቻ ይዘው «ሕጉ ወደቀ» ብለው ለዓለም አሰራጩ። ገጹን ቢገልጡ ኖሮ! ሮበርትስ ቀጥለው፣ ቅጣት የተባለው ገንዘብ በግብር መሥሪያ ቤት በኩል የሚሰበሰብ ስለሆነ እንደ ግብር ሊቆጠር ይችላል፣ ግብር መጣል ደግሞ የኮንግረስ ሥልጣን ነው አሉ። በ5 ለ4 ሕጉ ዳነ። የሚገርመው ኦባማ ራሳቸው በ2009 በቴሌቪዥን ቀርበው ግብር አይደለም ብለው ተከራክረው ነበር።

ሁሉም ሰው ያንን ነው የሚያስታውሰው። ለእኛ ሰው የበለጠ የነካው ግን የዚያው ውሳኔ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሕጉ ሜዲኬይድን ያላስፋፋ ስቴት ነባሩንም የሜዲኬይድ ገንዘብ ሊያጣ ይችላል ይል ነበር። ሰባት ዳኞች ይህ ማስገደድ ነው አሉ፤ ሮበርትስ ጭንቅላት ላይ ከተደቀነ ጠመንጃ ጋር አመሳሰሉት። ስለዚህ ማስፋፋቱ በየስቴቱ ፈቃድ ሆነ። ገንዘቡን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ሙሉ በሙሉ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ወርዶ ከ2020 ጀምሮ 90 በመቶውን የሚሸፍነው ፌዴራል መንግሥቱ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ስቴቶች አንፈልግም አሉ። በእኔ አስተያየት ይህ የበጀት ጉዳይ አልነበረም፤ የኦባማ ስም ያለበትን ነገር ላለመንካት ነበር።

ሕጉን የጻፉት ሰዎች ድሃው ሁሉ ሜዲኬይድ ያገኛል ብለው ስላሰቡ፣ የግል መድን ድጎማውን ያስጀመሩት ከድህነት መስመር በላይ ካለው ነው። በ2014 ለአንድ ብቸኛ ሰው መስመሩ 11,670 ዶላር ነበር። ስቴቱ ሜዲኬይድን ካላስፋፋ ምን ይሆናል? ከመስመሩ ትንሽ በላይ ያገኘው ድጎማ ያገኛል። ከመስመሩ በታች ያለው፣ ማለትም ይበልጥ ድሃው፣ ሜዲኬይድም ድጎማም የለውም።

ይህን በምናውቀው ሰፈር እንየው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ። በመካከላቸው የፖቶማክ ወንዝ አለ፤ ያገራችን ሰው ጠዋት ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው ጋ ይሠራል፣ እሑድ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ አስፋፋች። ቨርጂኒያ እምቢ አለች። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዓይነት የግማሽ ቀን ሥራ እየሠሩ፣ አንድ ዓይነት ገቢ እያገኙ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው በሜዲኬይድ ሲታከም አሌክሳንድሪያ ያለው የድንገተኛ ክፍል ቢል በፖስታ ይደርሰው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ! በ2017 ምርጫ ዴሞክራቶች በቨርጂኒያ ምክር ቤት 15 መቀመጫ ጨመሩ፤ በአንዱ ወረዳ ድምፁ እኩል ሆኖ አሸናፊው ከሳሕን ውስጥ በወጣ ዕጣ ተለየ። (እኛ አገር በዕቁብ እንደምናወጣው ማለት ነው።) ዕጣው ለሪፐብሊካኑ ወጣ፤ ቢሆንም መልእክቱ ደርሷቸው ነበርና በ2018 ማስፋፋቱን አጸደቁ፣ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ።

ሌላም የማይታመን ነገር ነበር። ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ለምሳሌ በዲቪ የገባ፣ በሕግ ሜዲኬይድ አይፈቀድለትም። ለዚህ ሲባል ከድህነት መስመር በታችም ቢሆን የግል መድን ድጎማ ተፈቀደለት። በስደተኛነት የገባው ግን ሜዲኬይድ ስለሚፈቀድለት ይህ አይመለከተውም። እንግዲህ ቨርጂኒያ ወይም ቴክሳስ ላይ አስቡት። የዲቪው ሰው ድጎማ አለው። በካምፕ 15 ዓመት ቆይቶ የገባው፣ ያኔ ይሰጥ የነበረው የ8 ወር የስደተኛ ሕክምና እርዳታ ካለቀበት በኋላ ገቢው ካነሰ ምንም የለውም። ከእሱ ጋር ዜጋ የሆነው ድሃም እንዲሁ።

ክሱ በዚህ አላበቃም። በ2014 የንግድ ድርጅቶች ባለቤቶች ለሠራተኞቻቸው በሚገዙት መድን ውስጥ የወሊድ መከላከያ እንዲካተት መገደድ እምነታችንን ይነካል ብለው ተከራክረው በ5 ለ4 አሸነፉ። ቀጥሎ የመጣው ግን ለእኛ ይበልጥ አስጊ ነበር። ከሳሾቹ አራት የቨርጂኒያ ነዋሪዎች ናቸው። ሕጉ ስለ ድጎማው ሲደነግግ «በስቴቱ በተቋቋመ የመድን ገበያ» የሚል ሐረግ አለው። 34 ስቴቶች ደግሞ የራሳቸውን ገበያ ሳያቋቁሙ ፌዴራል መንግሥቱ ባቋቋመው ነበር የሚጠቀሙት። ከሳሾቹ «ቃሉ ስቴት ነው የሚለው፤ ስለዚህ በነዚህ ስቴቶች የሚሰጠው ድጎማ ሕገ ወጥ ነው» አሉ። በአንዲት ሐረግ 6.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ድጎማውን ሊያጣ! ቴክሳስ፣ ቨርጂኒያና ጆርጂያ፣ የእኛ ሰው የበዛባቸው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ጁን 25 ቀን 2015 በ6 ለ3 ድጎማው ጸና። ፍርዱን የጻፉት አሁንም ሮበርትስ ናቸው፤ ኮንግረሱ ሕጉን ያወጣው የመድን ገበያውን ለማሻሻል እንጂ ለማፍረስ አይደለም የሚል ነበር ምክንያታቸው።

በ2017 ሪፐብሊካኖች ሕጉን በሴኔት ለመሻር ሞክረው በጆን ማኬይን ድምፅ 51 ለ49 ወደቀባቸው። በዓመቱ መጨረሻ ግን በግብር ሕግ ቅጣቱን ከ2019 ጀምሮ ዜሮ አደረጉት። ከዚያ ቴክሳስና አጋሮቿ ተመልሰው ፍርድ ቤት ሄዱ፦ «በ2012 ሕጉ የዳነው ግብር ነው ተብሎ ነበር፤ ዜሮ ዶላር ግብር አይደለም፤ ስለዚህ ሕጉ በሙሉ ይፍረስ።» ጠበቃ ማለት እንዲህ ነው። አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ዳኛ በዲሴምበር 2018 ተስማሙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ጁን 17 ቀን 2021 በ7 ለ2 «ዜሮ ዶላር ምን ጎዳችሁ? ለመክሰስ የሚያበቃ ጉዳት የላችሁም» በሚል ክሱን ዘጋው።

ሦስት ጊዜ ተከሶ ሕጉ ቆሟል። የ2012ቱ ስንጥቅ ግን እስካሁን አለ። ዛሬም ዐሥር ስቴቶች ሜዲኬይድን በሕጉ መሠረት አላስፋፉም፤ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ጆርጂያ ከነሱ ውስጥ ናቸው። ዳላስ ወይም ሂዩስተን ያለች፣ ልጅ የሌላት፣ ገቢዋ ከመስመሩ በታች የሆነ እኅት «ቢል አለብኝ» ብትላችሁ ሚኒሶታ ካለው የአጎታችሁ ልጅ ጋር አታወዳድሯት።

አሁን ደግሞ በፍርድ ቤት ያልተሳካው በኮንግረስ በኩል መጥቷል። ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት በስደተኛነት ወይም በጥገኝነት የገባና ግሪን ካርድ ያላገኘ ሰው ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከፌዴራል ሜዲኬይድ፣ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ከግል መድን ድጎማ ይወጣል። በዲቪ ለገቡት ድሆች የተፈቀደው ልዩ ድጎማም ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ቀርቷል። ለአዲስ ገቢ ስደተኞች የሚሰጠው የሕክምና እርዳታ ደግሞ ከሜይ 2025 ጀምሮ ከ12 ወር ወደ 4 ወር ወርዷል።

ፕሮሰስ ላይ ያላችሁ፣ የዘመድ አድራሻ ስትሰጡ ስቴቱን እወቁ። እዚያ የገባችሁም፣ ስደተኛ አንድ ዓመት ሲሞላው ለግሪን ካርድ ማመልከት እንዳለበት ሕጉ ያዛል፤ ማመልከቻችሁ የት እንደደረሰ ዛሬውኑ ጠይቁ። የመድን ደብዳቤ በፖስታ ሲመጣ እንግሊዝኛው ከበዳችሁ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ስማችሁንና ቁጥሩን ሸፍናችሁ ላኩልኝ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ አብረን እናነበዋለን።