የባሕር ዳርቻና የአገር ድንበር፦ አንድ የሚመስሉ ሁለት መሥመሮች



ልጆቻችሁ በኮምፒውተር ካርታ ሲሥሉ አይታችሁ ይሆናል። አንዲት አጭር ትእዛዝ ይጽፋሉ፤ የቀይ ባሕር ዳርቻ ከነደሴቶቹ ብቅ ይላል። ሌላ ትእዛዝ ሲጨምሩ ደግሞ የአገሮች ድንበር ይከተላል። ሁለቱም በዓይን ሲታዩ ቀጫጭን መሥመሮች ናቸው። ታዲያ ሁለቱ መሥመሮች አንድ ናቸውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት በመጀመሪያ ወደ ባግዳድ እንመለስ።

ከእ.ኤ.አ. 813 እስከ 833 የገዙት ኸሊፋ አል-መእሙን ሊቃውንትን በዙሪያቸው ሰብስበው ነበር። ከፊሎቹን ወደ ሲንጃር ሜዳ ልከው የምድርን አንድ ዲግሪ ርዝመት አስለክተዋል። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ናቸው። እኚህ ሰው «ኪታቡ ሱረቲል-አርድ» (የምድር ገጽታ መጽሐፍ) የተሰኘ ሥራ ጻፉ። መሠረቱ የግሪኩ በጥሊሞስ ሥራ ቢሆንም፣ እርሳቸው እንዳለ አልተቀበሉትም፤ መርምረው አረሙት እንጂ። በጥሊሞስ ከምዕራብ ደሴቶች እስከ ሻም ዳርቻ ያለውን ርቀት ከ60 ዲግሪ በላይ አድርጎት ነበር። አል-ኸዋሪዝሚ ወደ 50 ገደማ በማውረድ ወደ እውነቱ አቀረቡት።

በመጽሐፉ ውስጥ ከ2400 የሚበልጡ ቦታዎች ኬንትሮስና ኬክሮስ በቁጥር ተመዝግቧል። ከተሞችና ተራሮች ብቻ አይደሉም፤ የባሕር ዳርቻዎችም በየነጥባቸው ሰፍረዋል። ነጥቦቹን በወረቀት ላይ አስፍሮ የሚያያይዝ ሰው ዳርቻውን ያገኛል። የአል-መእሙን የዓለም ካርታ ራሱ ዛሬ የለም። የመጽሐፉ ቁጥሮች ግን በአንድ የእጅ ጽሑፍ ተርፈው በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ይገኛሉ። የዘመናችን ተመራማሪዎችም ከእነዚያ ቁጥሮች ተነሥተው ካርታውን እንደገና ለመሣል ችለዋል።

የዛሬው የካርታ ሶፍትዌርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ለምሳሌ ጂ.ኤም.ቲ. የተባለው በነጻ የሚታደል ፕሮግራም ከእ.ኤ.አ. 1988 ጀምሮ በአሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሠራ ነው። በውስጡ የዓለም የባሕር ዳርቻዎች በነጥብ ዝርዝር ተቀምጠዋል፤ ለሰፊ ካርታ ጥቂት ነጥብ፣ ለአንዲት ወደብ ብዙ ነጥብ እንዲሆን በአምስት ደረጃ ተዘጋጅተዋል። ኮምፒውተሩ ደረጃ በደረጃ የሚከተለው ስሌት «አልጎሪዝም» ይባላል። ቃሉም የመጣው ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። በዚህ ፕሮግራም የዳርቻው ትእዛዝ ሌላ፣ የድንበሩ ትእዛዝ ሌላ ነው። መለያየታቸውም ተገቢ ነው። ዳርቻ ተለክቶ የሚገኝ ነው። ለኪው ቢሳሳት ባሕሩ ራሱ ያርመዋል። ድንበርን ግን ሰዎች ይዋዋሉበታል ወይም አንዱ በሌላው ላይ ይጭነዋል። አል-ኢድሪሲ እ.ኤ.አ. በ1154 በሲሲሊ በ70 ክፍል በሠሩት ካርታ ላይ ባሕሩ፣ ወንዙ፣ ተራራውና ከተማው አለ፤ በመንግሥታት መካከል የተሰመረ የድንበር መሥመር ግን የለም።

ምሳሌውን ከቅርባችን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1908 የኢትዮጵያ መንግሥትና ያኔ ኤርትራን ትገዛ የነበረችው ኢጣሊያ በአፋር ምድር ስለሚያልፈው ወሰን ተዋዋሉ። ወሰኑ ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ፣ ዳርቻውን ተከትሎ፣ እስከ ፈረንሳይ ሶማሊያ እንዲሄድ ተስማሙ። ዳርቻውን የሠራው አላህ (ሱ.ወ.) ነው፤ 60 የሚለውን ቁጥር የመረጡት ሰዎች ናቸው። በዚያ በረሃ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ውሃና ሣር ፍለጋ የሚዞረው የአፋር ሙስሊም ዛሬ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ተከፍሎ ይኖራል። ከ1998 እስከ 2000 በተካሄደው ጦርነት በሁለቱ አገሮች ወሰን ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕይወት ጠፋ። የድንበር ኮሚሽኑ በ2002 ውሳኔውን ሰጠ። ምሰሶ መትከል ባለመቻሉም በኅዳር 2006 የወሰኑን ነጥቦች በኬንትሮስና በኬክሮስ ዘርዝሮ በወረቀት አሳወቀ። ስልቱ የአል-ኸዋሪዝሚ ስልት ነበር። ሆኖም የነጥቡ መስተካከል ብቻውን ሰላምን አላመጣም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሰውን መሬት ስንዝር ታህል እንኳ በግፍ የወሰደ በትንሣኤ ቀን ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠመጠምበት አስጠንቅቀዋል። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም የመሬት ምልክትን የለወጠ ሰው የአላህ እርግማን እንዳለበት ተነግሯል። ይህ ማስጠንቀቂያ የወሰን ድንጋይ ለሚያዛውረው ገበሬ ብቻ አይደለም። ብዕር ለያዘው ባለሥልጣንም፣ ማውዝ ለያዘው ካርታ ሠሪም ነው። መሥመር አማና ነው።

ድንበር አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሕግ ይከበራል፣ ውልም ይጠበቃል። ዝምድናን መቀጠል ግን በመሥመር ማዶ ላለው ወንድምም ይገባል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ካርታ ሲሥል አጠገቡ ተቀመጡ። ጣቱን በዳርቻው ላይ አሳርፉና «ይህን የሠራው ማን ነው?» በሉት። ከዚያም በድንበሩ ላይ አሳርፉና «ይህንስ?» ብላችሁ ጠይቁት።

አላህ መሥመራችንን ቀጥ ያድርግልን፤ ልባችንንም አይክፈልብን። ወላሁ አዕለም።