ከኮሎራዶ ጣሳ እስከ ጋና ግድብ

የተከበራችሁ በዴንቨርና በአውሮራ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ የአሉሚኒየም ጣሳ ታሪክ እደጃችሁ ነው። ከዴንቨር በስተምዕራብ ጎልደን ከተማ ያለው ኩርስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 ቢራውን በአሉሚኒየም ጣሳ ለገበያ አቀረበ። አሉሚኒየሙ ራሱ ግን የሚመረተው መብራት በሚረክስበት አገር ነው፤ አንዱ ቶን ወደ 14 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ይበላል።

5,150 ሜጋዋት ያለው የህዳሴ ግድባችን ለዚህ አይሆንም ወይ የምትሉ አትጠፉም። እንግዲያው ጋናን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመረቀው የአኮሶምቦ ግድብ ዋነኛ ደንበኛ ቴማ ላይ የተተከለው ቫልኮ ፋብሪካ ነበር፤ አቅሙ በዓመት 200 ሺህ ቶን፣ ባለቤቶቹ ካይዘርና ሬይኖልድስ የተባሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች። ጋና የራሷ ቦክሳይት እያላት (ይህችን ልብ በሉልኝ!) ፋብሪካው ጥሬ ዕቃውን ከውጭ ያስገባ ነበር። መብራቱንም በረጅም ዘመን ውል በርካሽ ወሰደ። ጋና ዋጋውን በደንብ ከፍ ማድረግ የቻለችው በ1980ዎቹ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ ነው።